ኮርኒሽ ሬክስና ዴቨን ሬክስ፦ ከርዳዳ ድመቶች ሉጫ ልጆች ብቻ የወለዱት እንዴት ነው?

ገብስማ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። ደብረ ብርሃን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የውርስን ትምህርት ስጀምር ከሜንዴል አተር ትንሽ ወጣ ለማለት ብዬ የአንዲት ድመት ፎቶግራፍ አሳትሜ ክፍል ይዤ ገባሁ። ዘሯ ኮርኒሽ ሬክስ ይባላል። ፀጉሯ አጭር ሆኖ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ሞገድ ሞገድ እየሠራ ይወርዳል፤ ጺሟ እንኳ የተጠቀለለ ነው። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ይህች እናቷ ልሳ ያልጨረሰቻት የበግ ግልገል ናት» አለች። ድመት መሆኗን ለማሳመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ይህ ፀጉር ድብቅ ባሕርይ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይታይም፤ ስለዚህ ሁለት ከርዳዳ ድመቶች ሲጣመሩ ልጆቻቸው በሙሉ ከርዳዳ ይሆናሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «የኮርንዎልን ከርዳዳና የዴቨንን ከርዳዳ ሲያዳቅሉ የተወለዱት ሁሉ ሉጫ ሆኑ የሚል አንብቤያለሁ። እንግዲያው ሰሌዳው ላይ ያለው ትክክል አይደለም?» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሃለሁ ብዬ ወጣሁ።

እኔ እስከ ዛሬ ዴቨን ሬክስን የኮርኒሽ ሬክስ ቅርንጫፍ አድርጌ ነበር የማስበው። ኮርንዎልና ዴቨን የእንግሊዝ ድንበርተኛ ክፍለ ሀገሮች ናቸው፣ በሁለቱ ድመቶች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነትም አሥር ዓመት ብቻ ነው። ልጁ ያነበበው እውነት ነው? እውነት ከሆነስ የነዚህ ድመቶች ምንጭ የት ነው?

ታማር ማዶ

መምህር፣ ልጁ ያነበበው እውነት ነው። ስሙን በክፍል ፊት አመስግኑልኝ።

እኔ የምኖረው ፕሊመዝ ነው፣ 17 ዓመት ሆነኝ። የታማር ወንዝ በከተማው ጠርዝ ያልፋል፤ ከወንዙ ወዲህ ዴቨን፣ ከወንዙ ወዲያ ኮርንዎል ነው። ቤቴ ውስጥ አንዲት ዴቨን ሬክስ አለችኝ፤ ይህንን ስጽፍም ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ሁለቱም ጫፎች በአውቶቡስ የምደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሐምሌ 1950 በቦድሚን ሙር በሚገኝ የገበሬ ቤት ሴሪና የተባለች ዥጉርጉር ድመት አምስት ልጆች ወለደች። አራቱ እንደ ማንኛውም የመንደር ድመት ናቸው። አምስተኛው፣ ነጣ ያለ ቀይ ቀለም ያለው ወንድ፣ ፀጉሩ ሞገድማ ነበር። ካሊበንከር አሉት። ቦድሚን ሙርን ላላየ ሰው፦ ዛፍ የራቀው፣ ድንጋይና ሣር የበዛበት፣ ነፋሱ የማያርፍ ደጋ ነው። መንዝን ያየ ሰው አይገርመውም።

አሁን ልብ በሉ። ግልገሉ የተወለደው ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኖሮ «ጉድ ነው» ተብሎ፣ አይጥ አባሮ፣ አርጅቶ ይሞት ነበር። የቤቱ እመቤት ኒና ኤኒስሞር ግን ቀደም ሲል ሬክስ የሚባሉ ጥንቸሎች ታረባ ነበር። ሬክስ ጥንቸል በ1919 ፈረንሳይ አገር የታየ ዘር ነው፤ በላይ የሚወጣው ሻካራ ፀጉር አጥሮ ከከፋይ ጨርቅ ጋር የሚመሳሰል ለስላሳ ለምድ አለው፤ አስትሬክስ የሚባለው ደግሞ ጥቅልል ነው። ኤኒስሞር ግልገሉን ስታየው ጥንቸሎቿን አስታወሰች፤ ነገሩን ጉድ ብላ አላለፈችውም። ኤ. ሲ. ጁድ የተባለ የዘር ሊቅ ስትጠይቅ ግልገሉ ሲደርስ ከእናቱ ጋር እንድታዳቅለው መከራት። ከዚያ ጥምረት ሦስት ልጆች ተወለዱ፤ አንዱ ሉጫ፣ ሁለቱ ከርዳዳ። «ሬክስ» የሚለው ስምም ከጥንቸሎቹ ተወርሶ ነው ድመቶቹ ላይ የቀረው።

ከልጆቹ አንዱ ፖልዱ ተባለ። በ1957 ወደ አሜሪካ የተላከችው የካሊበንከር ዘር ደግሞ ላሞርና ኮቭ ትባላለች፤ የአሜሪካ ኮርኒሽ ሬክስ መነሻዋ እሷ ናት። ሁለቱም ስሞች የኮርንዎል ባሕር ዳርቻ ስሞች ናቸው። ፖልዱ ሄጃለሁ፤ ማርኮኒ በ1901 በውቅያኖስ ማዶ የተሰማውን የመጀመሪያ የሽቦ አልባ ምልክት ያስላከው ከዚያ ገደል ላይ ነው፣ መታሰቢያው ቆሟል። ለድመቱ መታሰቢያ የለውም። ለእኔ ግን እዚያ ስቆም ከማርኮኒ እኩል ትዝ ያለኝ እሱ ነበር።

የዴቨኑን ነገ እጽፋለሁ፣ ሥራ አለብኝ።

ቡላ

እኔ የድመት ፀጉር ያስነጥሰኛል። እነዚህ ፀጉራቸው ትንሽ ስለሆነ አያስነጥሱም ይባላል። እውነት ነው?

የእንስሳት ሐኪሟ

ቡላ፣ በዚህ ተስፋ ብቻ ድመት እንዳይገዙ እለምንዎታለሁ። የሚያስነጥስዎት ፀጉሩ ሳይሆን በምራቅና በቆዳ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ድመት ሰውነቷን ስትልስ በላዩ ላይ ይቀርና ሲደርቅ በቤቱ ውስጥ ይበተናል። ከርዳዳዎቹም ይልሳሉ። የሚቀንሰው ሶፋዎ ላይ የሚያዩት ፀጉር ነው። በዚህ ወሬ ተገዝተው ከሦስት ወር በኋላ የሚመለሱ ድመቶች ክሊኒክ ውስጥ አጋጥመውኛል፤ ያሳዝናሉ።

ወደ መምህሩ ጥያቄ ልመለስ። ሰሌዳው ላይ የጻፉት ስህተት አይደለም፣ ግን አንድ ቃል ጎድሎታል፦ ሁለቱ ድመቶች የከረደዱት *በአንድ ዓይነት ዘረ-መል* ከሆነ ነው ልጆቻቸው በሙሉ ከርዳዳ የሚሆኑት። ኮርኒሽና ዴቨን በዐይን ይመሳሰላሉ፣ የተበላሸባቸው ቦታ ግን ይለያያል።

የኮርኒሹ ኤል ፒ ኤ አር 6 በሚባል ዘረ-መል ላይ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አራት የዘረ-መሉ ፊደላት ጎድለዋል። ይህ ዘረ-መል ለፀጉር እድገት የሚያስፈልግ ተቀባይ ፕሮቲን ይሠራል፤ በሰው ላይ ሲበላሽም ፀጉር የሳሳና የበግ ፀጉር የመሰለ ይሆናል። የዴቨኑ ኬ አር ቲ 71 በሚባለው ላይ ነው፤ እሱ የሚሠራው ገና በሥሩ ያለውን ፀጉር ዙሪያውን ይዞ ቅርጽ የሚያስይዘውን ኬራቲን ነው። ይህ በ2010 ነው የታወቀው። አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር፦ ፀጉር አልባው ስፊንክስ፣ መነሻው በ1966 የካናዳዋ ቶሮንቶ የሆነው፣ የተለወጠበት ይኸው የዴቨኑ ዘረ-መል ነው። አንድ ቦታ ላይ አንዱ ዓይነት ስህተት ፀጉር ሲያከረድድ ሌላው ያራቁታል።

ለዚህም ነው ሁለቱን በእጅ ሲዳስሷቸው የሚለያዩት። ድመት በላይ የሚወጣ ረጅም ፀጉር፣ መካከለኛና ከሥር የሚበቅል ለስላሳ ፀጉር አላት። ኮርኒሽ ሬክስ ረጅሙን የላይ ፀጉር ፈጽሞ አጥቷል፤ እጅ ላይ እንደ ሐር ነው። ዴቨን ሁሉም አለው፣ ነገር ግን ደካማ ስለሆነ ይሰበራል፤ ጺሙም ብዙ ጊዜ ግማሹ ተቆርጦ ይታያል።

ታማር ማዶ

ዶክተር፣ የእኔዋ ጺም ከአምስት ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ታማ መስሎኝ ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር።

የዴቨኑን ታሪክ ቃል በገባሁት መሠረት። ከቦድሚን በዋናው መንገድ በፕሊመዝ አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በክፋስትሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ከዳርትሙር ሥር። በአካባቢው የተተወ የቆርቆሮ ማዕድን ማውጫ ነበር። እዚያ የሚኖር ፀጉሩ የተጠቀለለ የዱር አውራ ድመት ሰዎች ያዩ ነበር፤ ማንም አልያዘውም። በ1960 ቤሪል ኮክስ በተባለች ሴት አትክልት ቦታ ባለቤት ያልነበራት ዥጉርጉር ድመት ወለደች፤ ከልጆቿ አንዱ ጥቁር ቡናማ ጥቅልል ፀጉር ያለው ወንድ ሆነ። ኪርሊ ብላ አሳደገችው።

በዚያው ዓመት አንድ ጋዜጣ የኮርንዎሎቹን ዘር የሆነ ግልገል ፎቶግራፍ አወጣና በአገሩ ሌላ የሌለ አድርጎ አቀረበው። ኮክስ ይህን አይታ «እኔም ቤት አንድ አለ» ብላ ጻፈች። የኮርኒሽ አርቢዎች ምን ያህል እንደተደሰቱ አስቡት! የቅርብ ዘመዳሞች እያዳቀሉ በጭንቅ ላይ ነበሩ፤ አዲስ ደም ከደጃፋቸው ተገኘላቸው። ኪርሊን ወሰዱና ከኮርኒሽ ሴቶች ጋር አጣመሩት። አንድ ግልገል ተወለደ፣ ሉጫ። ሌላ፣ ሉጫ። ሁሉም ሉጫ። የመምህሩ ተማሪ ያነበበው ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ዘረ-መል አንድ፣ ሁለተኛውን ዘረ-መል ሁለት ብለው ለይተው የጠሯቸው፤ በ1967 እንግሊዝ አገር ሁለቱም ለየራሳቸው ዘር ሆነው ታወቁ።

ባለ እንዝርት

እናቴ ፈታይ ነበረች፤ የዶክተሯን ማብራሪያ ሳነብ የመጣልኝን ልንገራችሁ፣ መምህሩ ምናልባት ለልጆቹ ይጠቅሙበታል።

ጥጥ ድር ለመሆን ቢያንስ ሁለት ዕቃ ይፈልጋል፦ መንደፊያው ደጋን፣ መፍተያው እንዝርት። ደጋን የሌለበት ቤት ጥጡ ሳይላላ ይፈተልና ድሩ ጓጉሎ ይወጣል። እንዝርት የሌለበት ቤትም የተስተካከለ ድር አያወጣም። ከሩቅ ላየው ሰው ሁለቱም ቤት ያለው ያው መጥፎ ድር ነው። አሁን የደጋን አልባው ቤት ልጅና የእንዝርት አልባው ቤት ልጅ ይጋቡ። ሙሽራይቱ እንዝርት ይዛ ትመጣለች፣ ሙሽራው ደጋን። አዲሱ ቤት ሁለቱም ተሟላለት፣ ድሩ ቀጥ አለ። ኮርንዎል ደጋን አልነበረውም፣ ዴቨን እንዝርት አልነበረውም። የተወለዱት ሁሉ ሉጫ የሆኑት ለዚህ ይመስለኛል።

ገብስማ

ባለ እንዝርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ሰሌዳ ላይ ከምሥል ይህ ይበቃኛል። በእኛ ትምህርት ቤት ግማሹ ልጅ እናቱ ስትፈትል ያየ ነው።

ዳማ

ሁላችሁም ታሪኩን ከ1950 ስለምትጀምሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው በርሊን ነው። የመጀመሪያዋ ታዋቂ ከርዳዳ ድመት የእንግሊዝ አይደለችም።

በርሊን ሰሜን ምሥራቅ ቡክ በሚባል ሰፈር የሁፈላንድ ሆስፒታል ነበር። በ1951 ሮዘ ሾየር-ካርፒን የተባለች ሐኪም በሆስፒታሉ አትክልት ቦታ አንዲት ጥቁር ጥቅልል ፀጉር ያላት ድመት አየች። ሠራተኞቹ ድመቷ ከ1947 ጀምሮ እዚያው እንደነበረች ነገሯት። ሌምሸን አለቻት፣ በጀርመንኛ ትንሿ የበግ ግልገል ማለት ነው፤ የደብረ ብርሃኗ ልጅ ያለችውን ያህል እኮ ነው። ከሷም በፊት በ1930ዎቹ በኮኒግስበርግ አቅራቢያ፣ ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው፣ ሙንክ የተባለ ወንድ ከርዳዳ ድመት ይኖር ነበር። የመንደሩን ድመቶች እየተከተለ ብዙ ወልዷል። ካሊበንከር ከመወለዱ 20 ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው።

የጀርመኖቹን ከኮርኒሾቹ ጋር ሲያጣምሩ ደግሞ ከርዳዳ ልጆች ተወለዱ። በባለ እንዝርት አነጋገር የጀርመኑም ቤት የጎደለው ያው ደጋን ነው። ታዲያ ምንጩ ለምን ኮርንዎል ይባላል? አሸናፊዎች ታሪክ ሲጽፉ የተሸናፊውን ድመት እንኳ ይረሳሉ።

ታማር ማዶ

ወንድሜ ዳማ፣ ስለ ሙንክና ስለ ሌምሸን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። እውነታውን አልቃወምም። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ግን እቃወማለሁ።

ከርዳዳ ፀጉር ያላት ድመት መታየትና ከርዳዳ የድመት ዘር መጀመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሙንክ በመንደሩ ሲዞር ማንም «ይህ ይወረሳል ወይ?» ብሎ ዘር አልጀመረም። ሌምሸንም በ1951 ታይታ በዚያው ዓመት ዘር አልሆነችም፣ ከሷ በእቅድ ማራባት የተጀመረው ዘግይቶ ነው። ኤኒስሞር ግን ግልገሉን ባየች ጊዜ ጠየቀች፣ ምክር ተቀበለች፣ አዳቀለች፣ መዘገበች። ዘር የሚጀምረው ጥያቄው ሲጠየቅ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ላይ አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ሴቲቱም አላሸነፈችም። የድመቶቹ ቁጥር እየበዛ ወጪው ከአቅሟ በላይ ሆነና በ1956 ካሊበንከርንና ሴሪናን ጨምሮ ድመቶቿ በመርፌ እንዲገደሉ ሆነ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ኮርኒሽ ሬክስ ሁሉ አባት የሆነው ድመት የሞተው የሚቀልበው ጠፍቶ ነው።

ዳማ

ይህን አላውቅም ነበር። አሸናፊ ያልኩትን እመልሳለሁ። ነገር ግን «ጥያቄው ሲጠየቅ ነው» ከተባለ ሾየር-ካርፒንም ጠይቃለች። በጀርመን ያለውን ዘር የጀመረችው እሷ ናት፤ ቢያንስ ስሟ ከኤኒስሞር አጠገብ ይጻፍ።

ታማር ማዶ

ይጻፍ። በዚህ እንስማማለን።

ገብስማ

አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጅን ከእናቱ ጋር ማዳቀል የተለመደ ነው? ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር መጠየቃቸው አይቀርም፣ እኔም ራሴ መልሱን እፈልጋለሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ

ድብቅ ባሕርይ ያለው አንድ እንስሳ ብቻ ሲኖር ባሕርዩን እንደገና ለማየት አጭሩ መንገድ ያ ነው። እናትየዋ ራሷ ሉጫ ሆና የባሕርዩ ተሸካሚ መሆኗ በልጇ ፀጉር ታውቋል፤ ሌላ ተሸካሚ በዐይን አይለይም። ጁድ የመከረው ምክር ከዘር ትምህርት አንጻር ትክክል ነበር። ዋጋ ግን አለው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ድመቶቹ ናቸው። ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ጥቅልል ፀጉር ብቻ አይደለም የሚገለጠው፣ ሌላው የተደበቀ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ አርቢዎቹ ቶሎ ሌላ ደም ቀላቀሉ፤ እንግሊዝ ውስጥ አጭር ፀጉር ካላቸው የአገሩ ድመቶች፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ከሲያም ድመቶች ጋር። ዛሬ ኮርኒሽ ሬክስ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው የሆነው በዚያ ነው፤ ካሊበንከር የገበሬ ቤት ድመት ነበር።

ስለ ዴቨን እኔን የሚያሳስበኝን ልናገር። ከብዙ ዘሮች በተለየ በዴቨን ሬክስ የደም ዓይነት ቢ በብዛት ይገኛል። የቢ ደም ያላት እናት የኤ ደም ያላቸው ልጆች ከወለደች የመጀመሪያው ወተቷ ለልጆቹ መርዝ ይሆናል፤ ደማቸውን የሚያፈርስ መከላከያ ይዟልና። ጤነኛ ሆነው የተወለዱ ግልገሎች በቀናት ውስጥ ሲሞቱ ማየት ምን ያህል እንደሚያም ያየ ያውቀዋል። የሁለቱ ወላጆች ደም አስቀድሞ ከተመረመረ ይህ ጨርሶ አይደርስም። ሌላው ከዘር የሚወረስ የጡንቻ ድካም ነው፤ ግልገሉ አንገቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ምግብም ያንቀዋል። ለዚህም የዘረ-መል ምርመራ አለ። ታማር ማዶ፣ የእርስዎዋ ልትወልድ ከሆነ እባክዎ ሁለቱንም ያስመርምሩ።

ታማር ማዶ

አትወልድም ዶክተር፣ መካን ተደርጋለች። የደሟ ዓይነት ግን ቢ ነው፤ አንድ ቀን ደም ቢያስፈልጋት ብዬ ወረቀቱን በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ባለ እንዝርት

አንድ ጥያቄ አለኝ። የኪርሊ አባት ያ የማዕድኑ አውራ ድመት ከሆነ፣ እናቱ ግን ሉጫ ከሆነች፣ ኪርሊ እንዴት ከረደደ? ድብቅ ነው ካላችሁ ከሁለቱም መውረስ ነበረበት።

የእንስሳት ሐኪሟ

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ያቺ ባለቤት አልባ ድመትም ተሸካሚ ነበረች። ትንሽ አካባቢ፣ ጥቂት ድመቶች፣ ምናልባት የአውራው የራሱ ዘመድ። የዴቨን ባሕርይ ኮክስ ከማየቷ አስቀድሞ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ተደብቆ ይዞር ነበር ማለት ነው። በኋላም ኪርሊን ከሉጫ ልጁ ጋር ሲያጣምሩት ከርዳዳ ተወለደ፤ ዘሩ የቆመው ከዚያ ነው።

ገብስማ

ዛሬ አስተማርኩ። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

በመጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር ልጁ ራሱ እንዲያርመው ጠራሁት፤ «በአንድ ዓይነት ዘረ-መል» የሚለውን ጨመረበት። ከዚያ የኮርንዎልና የዴቨን ሉጫ ልጆች እርስ በርሳቸው ቢጣመሩ የልጅ ልጆቹ ምን ይሆናሉ ብዬ ቀይና ነጭ ቦሎቄ አደልኳቸው። አሥራ ስድስት ሳጥን ሠርተው ቆጠሩ። ዘጠኙ ሉጫ፣ ሦስቱ የኮርኒሽ ከርዳዳ፣ ሦስቱ የዴቨን ከርዳዳ፣ አንዱ ሁለቱንም የያዘ። «ደጋንም እንዝርትም የሌለው ቤት» አሉት፣ ክፍሉ በሙሉ።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀችው ያቺ ድመቷን የበግ ግልገል ያለችው ልጅ ናት። «ያ አንዱ ከሌሎቹ ስድስት ከርዳዳዎች በምን ይለያል?» አለች። በዐይን መለየቱን አላምንም አልኳት። አሰበች፣ ከዚያ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችና ሁለት መስመር ጻፈች፦ አንድ ጊዜ ከኮርንዎል አጋቡት፣ አንድ ጊዜ ከዴቨን አጋቡት። ከሁለቱም ሉጫ ካልወለደ እሱ ነው።